የባለሙያ ምላሽ፦ ኮምፓይለሩ በፕሮግራሜ ውስጥ ምን ጨመረ?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ለሚገኝ አንድ የእህል መጋዘን ከመኪና ሚዛን የሚመጣውን ንባብ ተቀብሎ የሚመዘግብ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ ጽፌ ሰጥቻለሁ። አንዱ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት የሥራ መስመሮች አንዱ) ከሚዛኑ ያነባል፤ ሌላው ወደ ዲስክ ይጽፋል። ሁለት ሦስት ቀን ከሠራ በኋላ መንቀርፈፍ ይጀምራል፤ አንዳንዴም በድንገት ይዘጋል። የሥራ ባልደረባዬ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚለውጠው ኮምፓይለር በጂሲሲ፣ በ«ፒጂ» ምርጫ ኮምፓይል አድርጌ፣ ጊዜው የት እንደሄደ በሚያሳየው መሣሪያ በጂፕሮፍ እንዳየው መከረኝ። በትእዛዙ ላይ «ጂ» እና «ፒጂ» ብቻ ጽፌ ብሞክረው ሦስት ነገር ሆነ። ፕሮግራሙ ዘገየ፤ ንባቡን የምታጣራው አምስት መስመር የማትሞላ ፈንክሽን (በስሟ የምትጠራ የኮድ ክፍል) ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ትወስዳለች የሚል ውጤት ወጣ፤ በድንገት መዘጋቱ ግን ጨርሶ ቆመ። ኮምፓይለሩ የጨመረው ምንድን ነው? መዘጋቱን ካቆመ ይህንኑ ለደንበኛው ብሰጠው ምን ችግር አለው?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ አይስጡት። መዘጋቱ የቆመው ስሕተቱ ስለተነቀለ ሳይሆን ስሕተቱ የሚያርፍበት ቦታና የሚደርስበት ቅጽበት ስለተለወጠ ነው። ስሕተቱ አሁንም እዚያው አለ፤ ከእንግዲህ ግን ፕሮግራሙን በመዝጋት ፋንታ የአንዱን መኪና ክብደት በሌላው ሰሌዳ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ለመጋዘን ባለቤት ደግሞ ከሚዘጋ ፕሮግራም ይልቅ ዝም ብሎ የሚሳሳት ፕሮግራም ይከፋዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ኮምፓይለሩ ያደረገውን ከሥር መሠረቱ ማየት ያስፈልጋል።

በትእዛዙ ላይ የጻፏቸው ሁለት ምርጫዎች በስም ቢመሳሰሉም በሥራ አይገናኙም። «ጂ» በፕሮግራሙ ላይ የሚፈጸም አንድም የማሽን ትእዛዝ አይጨምርም፤ የትኛው የማሽን ትእዛዝ ከየትኛው የኮድ መስመር እንደመጣ የሚገልጽ መዝገብ ከፋይሉ ጋር ያያይዛል፤ መዝገቡንም ዲባገር (የስሕተት መፈለጊያ) ወይም መሰል መሣሪያ ካልጠየቀው በቀር ማንም አያነበውም። «ፒጂ» ግን በእያንዳንዱ ፈንክሽን መግቢያ ላይ «ኤምካውንት» ወደምትባል ሌላ ፈንክሽን የሚደረግ ጥሪ ያስገባል፤ እርሷም በተጠራች ቁጥር ማን ማንን እንደጠራ በሜሞሪ ውስጥ ባለ ሠንጠረዥ ላይ ትመዘግባለች። ኢንስትሩመንቴሽን የሚባለው ይህ ነው፤ እኔ ከዚህ በኋላ «ታዛቢ ኮድ» እለዋለሁ። ስሙ እንዳያሳስት ግን ልብ ይበሉ፤ ይህ ታዛቢ ዳር ቆሞ የሚያይ አይደለም፤ ከፕሮግራምዎ ጋር አንድ ሜሞሪ፣ አንድ ስታክ (ፈንክሽኖች ጊዜያዊ መረጃቸውን የሚያኖሩበት የሜሞሪ ክፍል) እና አንድ ፕሮሰሰር የሚጋራ ተጨማሪ ኮድ ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የመብራት ቆጣሪ ራሱ ጥቂት መብራት እንደሚበላ ሁሉ፣ የፕሮግራም ቆጣሪም ከሚቆጥረው ነገር ይቀምሳል። መዘግየቱን ያመጣው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት የጂፕሮፍ ጥፋት አይደለም። በጻፉት ትእዛዝ ላይ የማሻሻያ ደረጃ የለም፤ ኮምፓይለሩም ደረጃ ካልተነገረው ምንም ሳያሻሽል ኮዱን እንዳለ ይተረጉመዋል። «ኦ2» የሚባለውን ደረጃ ቢሰጡት ኖሮ ያችን አምስት መስመር የማትሞላ ፈንክሽን ኢንላይን ያደርጋት፣ ማለትም አካሏን በጠሯት ቦታ ሁሉ ገልብጦ ጥሪውን ያስቀረው ነበር። ስለዚህ ደንበኛው ቤት ያለው ቅጂ እንደተለመደው በ«ኦ2» የተሠራ ከሆነ፣ የለኩት ያንን ፕሮግራም ሳይሆን እርሱን የሚመስል ሌላ ፕሮግራም ነው፤ የማጣሪያዋ ፈንክሽን ክስም በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ ጂፕሮፍ ቁጥሮችም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1982 ሱዛን ግራሃም፣ ፒተር ኬስለርና ማርሻል ማኩሲክ በበርክሌይ ይፋ ያደረጉት ሲሆን፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓይነት መረጃ ያጣምራል። የጥሪው ብዛት የሚመጣው ከታዛቢው ኮድ ነው። ጊዜው ግን ተለክቶ አይደለም፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ ፕሮሰሰሩ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለ እየታየ የሚገመት ነው። ከዚያም አንድ ፈንክሽን የፈጀው ጊዜ ለጠሩት ሁሉ በጥሪያቸው ቁጥር ልክ ይከፋፈላል፤ አንዱ ጠሪ ቀላል ሥራ ሌላው ከባድ ሥራ ሰጥቷት ቢሆን ጂፕሮፍ ይህን አይለይም። ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሚቆጠረው ፕሮሰሰሩ የሠራበት ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ ዲስክን ወይም የሌላውን ትሬድ ቁልፍ (ሁለት ትሬዶች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚያግደውን) እየጠበቀ የቆመበት ሰዓት በሪፖርቱ ላይ ዜሮ ሆኖ ይታያል። መንቀርፈፍዎ ከመጠበቅ የመጣ ከሆነ ጂፕሮፍን መቶ ጊዜ ቢጠይቁት አይነግርዎትም። ከአንድ በላይ ትሬድ በሚሮጥበት ጊዜ የጥሪ ቆጠራው ራሱ ሊጎድል ይችላል።

ታዛቢው ኮድ በየትኛው የኮምፓይል ደረጃ ላይ እንደሚገባም ውጤቱን ይወስነዋል። ኮምፓይለር የጻፉትን ኮድ በአንድ ዝላይ ወደ ማሽን ቋንቋ አይለውጥም፤ መጀመሪያ ወደ ውስጣዊ ቋንቋ ይመልሰውና በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ ያሻሽለዋል። ታዛቢው ከነዚህ ምልልሶች በአንዱ ላይ ይገባል። ቀድሞ ከገባ እርስዎ የጻፉትን ፈንክሽን ሁሉ ያያል፤ ነገር ግን ራሱ የማሻሻያው እንቅፋት ይሆናል። ዘግይቶ ከገባ ማሻሻያውን አይነካም፤ በምትኩ ኢንላይን የተደረጉት ፈንክሽኖች ከዓይኑ ይሰወራሉ። «ፒጂ» ከሁለተኛው ወገን ነው። በፈንክሽን መግቢያና መውጫ ላይ እርስዎ ራስዎ የሚጽፏቸውን ሁለት ፈንክሽኖች የሚያስጠራው የጂሲሲ ምርጫ ግን ኢንላይን የተደረጉትንም ይጨምራል። እርሱን የሚሞክር ሰው ሁለቱን ፈንክሽኖች ከታዛቢነት ነፃ የሚያደርገውን ምልክት መጻፍ አይርሳ፤ ካልጻፈ ታዛቢው ራሱን እየታዘበ፣ ራሱን እየጠራ ስታኩ እስኪሞላ ይሄዳል።

ከጥሪ ይልቅ የኮዱ እያንዳንዱ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተሄደበት መቁጠር ሲፈለግ ጂኮቭ የሚባል የጂሲሲ መሣሪያ አለ። በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሐረር ላይ ያደገ ሰው የሚወደው ሐሳብ ስላለበት። በጁገል ግንብ ላይ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉ፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር፤ በኋላ ዘመን የተከፈተውን እንተወው። በቀን ውስጥ የገባ ሁሉ ወጥቶ የሚያድር ቢሆን በእያንዳንዱ በር የገባው ከወጣው በስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ለማወቅ አምስት ቆጣሪ ማቆም ያስፈልጋል? አያስፈልግም፤ የአራቱን ካወቁ የአምስተኛው ልዩነት ከድምሩ ይገኛል። በውስጥ ባሉት መተላለፊያዎችም ነገሩ ያው ነው፤ ወደ አንድ መገናኛ የገባው ሕዝብ ልክ ያህሉ መውጣት ስላለበት ከመገናኛው መንገዶች አንዱ ሁልጊዜ ሳይቆጠር ይታወቃል። ዶናልድ ክኑዝና ፍራንሲስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳዩት፣ ይህ ስሌት ለፕሮግራም መንገዶችም እንደሚሠራና የሚያስፈልጉትን ቆጣሪዎች ትንሹን ቁጥር እንደሚሰጥ ነው። ጂሲሲም ሁሉንም መገናኛዎች ያለ ዙር የሚያያይዝ ዛፍ ያወጣል፤ ከዛፉ ውጭ በቀሩት መንገዶች ላይ ብቻ ቆጣሪ ያኖራል፤ የቀረውን በመደመርና በመቀነስ ይሞላዋል። የጁገል ልጅ እዚህ ላይ «ጅቡስ?» ማለቱ አይቀርም፤ በግንቡ ሥር ጅብ የሚሾልክበት ቀዳዳ አለና። ፕሮግራምም እንዲሁ ቀዳዳ አለው። ተጠርታ የማትመለስ ፈንክሽን፣ ለምሳሌ ፕሮግራሙን የምትዘጋው፣ የገባው ያህል ይወጣል የሚለውን ስሌት ታፈርሳለች። ኮምፓይለሩ ይህን ስለሚያውቅ ላይመለስ የሚችል ጥሪ ባለበት ሁሉ በቀጥታ ወደ መውጫው የሚወስድ የይስሙላ መንገድ አስቦ በስሌቱ ውስጥ ያስገባል።

የጂኮቭም የጂፕሮፍም የጋራ ድክመት ግን ውጤታቸውን ወደ ፋይል የሚጽፉት ፕሮግራሙ በሥርዓት ሲጠናቀቅ ብቻ መሆኑ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ፕሮግራሙ በድንገት ቢዘጋ ወይም በኃይል ቢገደል የሦስት ቀን ቆጠራ ከሜሞሪው ጋር ይጠፋል። እንደ እርስዎ ያለ፣ ሌት ተቀን የሚሠራና የሚሞተው በድንገት ብቻ የሆነ ፕሮግራም በሥርዓት የሚዘጋበት መንገድ እንዲኖረው መጀመሪያ መሠራት አለበት። እግረ መንገዴን አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት የጂኮቭ ቆጣሪ ያለበትን ፕሮግራም ሳላውቅ ለአንድ ደንበኛ ሰጥቼ፣ በኮምፒውተሩ ላይ የእኔን የቤት ፎልደር ስም የያዘ ፎልደር ተፈጥሮ አገኘሁ፤ መሣሪያው ውጤቱን የሚያስቀምጠው ኮዱ ኮምፓይል በተደረገበት የፎልደር አድራሻ ስለሆነ አድራሻው ከሌለ ይፈጥረዋል። ደንበኛው ቫይረስ ነው ብሎ አምኖ ነበር፤ በእርሱ አልፈርድም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የእርስዎ ጥያቄ «ጊዜው የት ሄደ?» አይደለም፤ «ሜሞሪዬን ማን አበላሸው?» ነው። ለዚህ ጥያቄ የተሠራው ታዛቢ አድረስ ሳኒታይዘር ይባላል፤ ከጎግል የወጣ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2012 ክላንግ ወደሚባለው ሌላ ኮምፓይለር፣ በ2013 ወደ ጂሲሲ ገብቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ 8 ባይት ሜሞሪ 1 ባይት «ጥላ» ይመደባል። ጥላው ዜሮ ከሆነ ስምንቱም ባይት የተፈቀደ ነው፤ ከ1 እስከ 7 ከሆነ የተፈቀዱት የመጀመሪያዎቹ ያን ያህል ባይት ናቸው፤ ከዜሮ በታች ከሆነ አንዱንም መንካት ክልክል ነው። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ሜሞሪ በሚያነብበትና በሚጽፍበት ቦታ ላይ አድራሻውን ለ8 አካፍሎ፣ ቋሚ ቁጥር ደምሮ ጥላውን የሚያይ አጭር ፍተሻ ያስገባል። በተለዋዋጮች ዙሪያ ደግሞ የተከለከለ ወሰን ያጥራል፤ የተለቀቀ ሜሞሪም ወዲያው ለሌላ እንዳይሰጥ በማቆያ ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ ከወሰን ያለፈ ጽሕፈትና ከለቀቁ በኋላ መንካት በተፈጸሙበት ቅጽበት፣ ከነመስመር ቁጥራቸው ይያዛሉ። ዋጋው ፍጥነትን በአማካይ 2 እጥፍ ያህል መቀነስና ሜሞሪን በጥቂት እጥፍ መጨመር ነው። እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ሳያስፈልግ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ቫልግራይንድ ከ20 እስከ 30 እጥፍ ሊያዘገይ ይችላል፤ ትሬዶችንም ተራ በተራ ስለሚያስኬድ የእርስዎን ዓይነት ችግር ሊደብቅ ይችላል።

ከገለጻዎ የምጠረጥራቸው ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ከሚዛኑ በሽቦ የሚመጣው ንባብ አንዳንዴ ሁለቱ ተጣብቆ መድረሱ ነው። ዲስኩ ሥራ ሲበዛበት አንባቢው ትሬድ ይዘገያል፤ በዚህ መካከል ሁለት ንባብ ይጠራቀማል፤ ለአንድ ንባብ ብቻ የተለካው ቋት (ንባቡ የሚያርፍበት የሜሞሪ ቦታ) ሞልቶ ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። በ«ኦ2» ጎረቤቱ የመመለሻ አድራሻ (ፈንክሽኗ ስትጨርስ ሥራው የሚቀጥልበት ቦታ) ከነበረ ፕሮግራሙ ይዘጋል። በ«ፒጂ»ና ያለ ማሻሻያ ግን የስታኩ አቀማመጥ ስለተለወጠ ጎረቤቱ ማንም የማያነበው ባዶ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጥርጣሬ ሁለቱ ትሬዶች አንድን ተለዋዋጭ ያለ ቁልፍ መጋራታቸው ነው። በዚህም ላይ በየፈንክሽኑ መግቢያ የተጨመረው ጥሪ የትሬዶቹን ቅድመ ተከተል ያዛባና የሚጋጩበትን ቅጽበት ያርቀዋል። ይህኛውን አድረስ ሳኒታይዘር አያይም፤ ትሬድ ሳኒታይዘር ነው የሚያየው። እርሱ እያንዳንዱን የሜሞሪ ንክኪ የትኛው ትሬድ እንዳደረገው እየመዘገበ ሁለት ንክኪዎች በቁልፍ ወይም በመሰል መንገድ ያልተያያዙ ሲሆን ያጋልጣል፤ ለዚህም ግጭቱ በዚያው ቅጽበት ጉዳት ማድረስ አያስፈልገውም። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ከ5 እስከ 15 እጥፍ ያዘገያል፤ ሜሞሪን ከ5 እስከ 10 እጥፍ ያበዛል። ሁለቱ ሳኒታይዘሮች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አብረው አይገቡም፤ ለየብቻ ኮምፓይል መደረግ አለባቸው።

ሁለቱም ወሰን አላቸው። የሚያዩት የተኬደበትን መንገድ ብቻ ነው፤ ያልተሠራ ኮድ ውስጥ ያለ ስሕተት አይታያቸውም። በአንድ ስትራክት (ፊልድ የሚባሉ መረጃዎች አብረው የታሰሩበት ጥቅል) ውስጥ ካለ ፊልድ ወደ ቀጣዩ ፊልድ መፍሰስም በአድረስ ሳኒታይዘር አይያዝም፤ በመካከላቸው የታጠረ ወሰን የለምና። ታዛቢ ሳይገባባቸው የተዘጋጁ ላይብረሪዎችን በከፊል ብቻ ያያሉ። ከአድረስ ሳኒታይዘር ጋር አብሮ የሚመጣው የሜሞሪ ማፍሰስ መርማሪም የሚከሰው የጠፋ፣ ማንም የማይጠቁመው ሜሞሪን ነው። የቆዩ ንባቦችን ሳያጠፉ በዝርዝር ውስጥ እያከማቹ ከሆነ ሜሞሪው ያድጋል እንጂ ጠፋ አይባልም። መንቀርፈፉ ከዚያ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ዝርዝሩ ስንት አባል እንዳለው በየሰዓቱ የሚጽፍ አንድ መስመር ራስዎ ይጨምሩ። ከትልቅ መሣሪያ ይልቅ እንዲህ ያለ መስመር ብዙ ጊዜ ይቀድማል።

የጊዜ መለካቱ ስሕተቱ ከተነቀለ በኋላ ይምጣ፤ በዚያን ጊዜም ታዛቢ ኮድ አያስገቡ። በሊኑክስ ላይ ያለው ፐርፍ ፕሮግራሙን ሳይነካ በፕሮሰሰሩ ቆጣሪዎች እየተመራ ናሙና ይወስዳል። «ኦ2» ያለበትን ያንኑ የሚያስረክቡትን ፕሮግራም፣ «ጂ»ን ጨምረውና ማን ማንን እንደጠራ ለመከታተል የሚረዳው ጠቋሚ፣ ፍሬም ፖይንተር፣ እንዳይወገድ አዝዘው ይለኩ። የድሬዳዋን ሙቀትም አይናቁ። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ፣ በግንቦት ከቀትር በኋላ፣ አቧራ የጠጣ ማራገቢያ ያለው ኮምፒውተር ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሌሊት የለኩትና ቀን የለኩት አይመሳሰሉም። ሰከንድን ብቻ ሳይሆን የተፈጸሙ የማሽን ትእዛዞችን ብዛትም እንዲቆጥር ፐርፍን ይዘዙት፤ ይህ ቁጥር ሙቀት አያውቅም።

አብሮ የሚላክ ታዛቢ የግድ ከተፈለገ ሌላ መንገድ አለ። ክላንግ ኤክስሬይ በሚባለው ዘዴ በፈንክሽኑ መግቢያና መውጫ ላይ ምንም የማይሠሩ ትእዛዞችን ያኖራል፤ ሲፈለግ ብቻ ፕሮግራሙ እየሠራ ወደ ጥሪ ይለወጣሉ። የሊኑክስ ከርነልም (የሥርዓቱ እምብርት) ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ ኤፍትሬስ በሚባለው መሣሪያው በዚሁ ሐሳብ ይጠቀማል። ለአንድ የሚዛን ፕሮግራም ግን ይህ ከበሽታው የከበደ መድኃኒት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። የሚዛኑን ጥሬ ንባብ ለአንድ ሳምንት ከነሰዓቱ በፋይል ይያዙ። ፕሮግራሙ ከሚዛኑ ፋንታ ያንን ፋይል በፍጥነት የሚያነብበትና ሲጨርስ በሥርዓት የሚዘጋበት መንገድ ያዘጋጁለት፤ የሦስት ቀን ችግር በሰዓታት ውስጥ እንዲታይ የሚያደርገው ይህ ነው። ተጣብቀው የሚመጡ ንባቦችንም ሆን ብለው በፋይሉ ውስጥ ያስገቡ። መጀመሪያ በ«ኦ1»ና በ«ጂ» ከአድረስ ሳኒታይዘር ጋር፣ ቀጥሎ ለብቻው ከትሬድ ሳኒታይዘር ጋር ያስኪዱት። ሪፖርት በመጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ብቻ አርመው እንደገና ያስኪዱ፤ የኋለኞቹ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ውጤት ናቸው። ሁለቱም ዝም ሲሉ በ«ኦ2» ኮምፓይል አድርገው ይህን ለደንበኛው ይስጡ፤ ሳኒታይዘር ያለበትን አይስጡ፤ የተሠራው ለመፈተሻ እንጂ ለሥራ ቦታ አይደለምና። የ«ጂ» መዝገቡን ከፋይሉ ለይተው ከዚያው ቅጂ የኮድ ቁጥር ጋር እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡ፤ መጋዘኑ ውስጥ እንደገና ቢዘጋ ከዚያ የሚመጣው አድራሻ ወደ መስመር ቁጥር የሚመለሰው በዚህ መዝገብ ብቻ ነው። ያሁኑን የ«ፒጂ» ቅጂ የሞከሩት በደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ያንሱት፤ እስካሁን የጻፋቸውን ክብደቶችም ከሚዛኑ የወረቀት ደረሰኝ ጋር ያመሳክሩ።